ድክ ድክ ከሚል ልጅ ጋር ወደ ውሃ ዳር፦ ማረፊያውን እንዴት እንምረጥ?

ልጅ ሳይመጣ በፊት የሐይቅ ዳር ማረፊያ መምረጥ ቀላል ነበር። ፎቶው ካማረ፣ ዓሣው ጥሩ ነው ከተባለና ዋጋው ከኪስ ጋር ከተስማማ ሻንጣ ሸክፎ መውጣት ነው። ክፍሉ ለመኝታ ብቻ ስለሚፈለግ ጠበበ፣ ሰፋ ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም።

እግር ያወጣ ልጅ ቤት ውስጥ ሲኖር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ መሮጥ ይችላል፤ አደጋን ግን አያውቅም። ቀን ካልተኛ ማታ ሰላም አይሰጥም። ያልለመደውን ምግብ አልበላም ካለ አልበላም ነው። ያገኘውን ሁሉ ደግሞ ወደ አፉ ይወስዳል። ስለዚህ ማረፊያ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ “ልጃችን ጠዋት ከነቃ ጀምሮ ማታ እስኪተኛ ድረስ ቀኑን እዚያ እንዴት ያሳልፋል?” የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ቦታ ወላጆችንም ያሳርፋል። መልስ የሌለው ቦታ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ልጅ የመጠበቁን ሥራ ከሳሎን ወደ ሐይቅ ዳር ከማዛወር አያልፍም።

ፎቶው የማይነግርዎ ነገር

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ሙያ ነው። የማስታወቂያ ፎቶ እንዴት እንደሚዘጋጅ ስለማውቅ የሆቴል ገጽ ስመለከት ከሚታየው ይልቅ የማይታየውን እፈልጋለሁ። ሰፊ ማዕዘን የሚይዝ ሌንስ ጠባቡን ክፍል አዳራሽ ያስመስለዋል። የመዋኛ ገንዳው የሚነሳው ሰው በሌለበት፣ ብርሃኑ ለስላሳ በሆነበት ማለዳ ነው። ደረጃው፣ ጄኔሬተሩ፣ የመኪና ማቆሚያውና የሙዚቃ ማጉያው ፎቶ ውስጥ አይገቡም። ሆቴሉ ዋሸ ማለት አይደለም፤ ፎቶው የተነሳው ለጥንዶች ነው፤ የእርስዎን ልጅ ያሰበው የለም።

ቃላቱም እንዲሁ በጥንቃቄ ይነበቡ። “የሐይቅ እይታ ያለው ክፍል” ማለት ሐይቁ ከመስኮት ይታያል ማለት ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሊሆን ይችላል። “የቤተሰብ ክፍል” አንዱ ሆቴል ዘንድ ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ ሌላው ዘንድ አንድ ክፍል ላይ የተጨመረ ፍራሽ ነው። “ለልጆች ተስማሚ” የተባለውም ብዙ ጊዜ ለ6 እና ለ7 ዓመት ልጆች የተሠራ ዥዋዥዌና መንሸራተቻ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት ሪሴፕሽን ይደውሉና አንድ ሠራተኛ ከክፍሉ በር ተነስቶ እስከ ውሃው ድረስ እየተራመደ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ በስልኩ ቀርጾ በቴሌግራም እንዲልክልዎ በትሕትና ይጠይቁ። ደረጃውን፣ አጥሩንና ርቀቱን በአንድ ደቂቃ ያያሉ። ይህን በደስታ የሚያደርግ ሆቴል፣ እዚያ ደርሰው ሌሊት ሙቅ ውሃ ሲጠይቁም የመታዘዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። ጎግል ማፕ ላይ እንግዶች ራሳቸው ያነሷቸውን የቅርብ ጊዜ ፎቶዎች ማየትም አይርሱ።

ከክፍሉ በፊት ውሃው

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ቤተሰብ የተለመዱት መዳረሻዎች ሦስት ናቸው። ሁሉም “ሐይቅ ዳር” ይባሉ እንጂ ድክ ድክ ለሚል ልጅ በጣም ይለያያሉ።

ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ለመጀመሪያ ጉዞ ተመራጭ ናት። ልጁ ቢታመም ወይም አልተኛም ብሎ ቢያስቸግር በዚያው ቀን ቤትዎ መመለስ ይችላሉ። ሆኖም እንደ ሆራና ባቦጋያ ያሉት ሐይቆቿ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ዙሪያቸው ገደላማ ነው፤ ውሃውም ከዳር ብዙም ሳይርቅ ይጠልቃል። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ በተሠሩ ማረፊያዎች እይታው ልብ ይሰርቃል፤ ከክፍል ወደ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤት ወደ ሐይቅ ያለው ጉዞ ግን ደረጃ በደረጃ ነው። የልጅ ጋሪ እዚያ አይሠራም። ቢሾፍቱን ከመረጡ ሜዳ ላይ ያረፈ ግቢና የምድር ቤት ክፍል ይፈልጉ።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል፤ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ እስከ ማረፊያው ያለው የአቧራ መንገድ ግን እንደየማረፊያው ስለሚለያይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይጠይቁ። ላንጋኖ አሸዋማ ዳርቻ ያለው፣ ብዙ ቦታ ላይ ቀስ በቀስ የሚጠልቅ፣ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ የሚታወቅ ሐይቅ በመሆኑ ልጅ አሸዋ ላይ ባልዲና ማንኪያ ይዞ እንዲጫወት እውነተኛው የአገራችን “ቢች” እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ከልብ መታወቅ አለበት። የውሃው ቀለም ቡናማ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከደለል ስለሆነ በራሱ የሚያስፈራ አይደለም፤ ነገር ግን ልጅ ጉልበትዎ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ከላይ ሆኖ አይታይም። ስለዚህ ላንጋኖ ላይ ልጅን “ከዳር ሆኖ ማየት” የሚባል ነገር የለም፤ እጅዎ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለብዎ።

ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች በመኪና ለትንሽ ልጅ ረጅም ቀን ናት፤ በአውሮፕላንም መሄድ ይቻላል። ትልቁ ጥቅሟ ከተማ መሆኗ ነው። ፋርማሲ፣ ሆስፒታል፣ ሱፐርማርኬትና ዳይፐር በአቅራቢያ ይገኛሉ። ሐይቁ ግን ለልጅ መዋኛ አይመከርም፤ ጉማሬም ቢልሃርዚያም አለበት። እዚያ የሚመርጡት ጥሩ ገንዳና ሰፊ ጥላ ያለው ግቢ ነው። ጦጣዎቹ ለልጅ ትልቅ መዝናኛ ቢሆኑም ከእጁ ምግብ ነጥቀው ሊቧጭሩት ስለሚችሉ ብስኩት ይዞ እንዳይቀርባቸው።

አርባ ምንጭ ከእነዚህ ራቅ ያለች ናት። ጫሞ አዞ የሚኖርበት ሐይቅ ስለሆነ በጀልባ የሚታይ እንጂ እግር የሚነከርበት አይደለም።

ውድ የሆነው ክፍል ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም

በውሃ ዳር ማረፊያዎች በጣም ውድ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ረድፍ ነው። በሩ ተከፍቶ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ አሸዋ። ለሁለት ሰዎች ፍቅር ይህ ገነት ነው። የበር እጀታ መጫን ለተማረ የ2 ዓመት ልጅ ግን በጣም አደገኛው ክፍል ነው። እርስዎ ሻንጣ ሲከፍቱ፣ ባለቤትዎ ሻወር ሲገቡ ልጁ ውሃው ዘንድ ሊደርስ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በውሃ መስጠም ከፍተኛው የሞት መጠን የሚታየው ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ልጅ ሲሰጥም እንደ ፊልም አይጮህም፣ አይንፈራገጥም። አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ በትንሽ ውሃ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ረድፍ ላይ፣ ሣር ባለው ግቢ መሀል ያለ ክፍል ይምረጡ። ልጁ የሚሮጥበት ሜዳ ያገኛል፤ እርስዎ ትንፋሽ ያገኛሉ፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

የመዋኛ ገንዳውን በተመለከተ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ገንዳ በአራቱም ጎን ቢያንስ 1.2 ሜትር ቁመት ባለው አጥር እንዲከበብና በሩ ራሱን በራሱ የሚዘጋ እንዲሆን ይመክራል። በአገራችን እንዲህ ያለ አጥር ያላቸው ማረፊያዎች ጥቂት ስለሆኑ ቢያንስ ገንዳው ከክፍልዎ በር በቀጥታ የማይደረስበት መሆኑን ያረጋግጡ። በአየር የሚነፋ የክንድ ፊኛና ቀለበት መጫወቻ ነው፤ ሕይወት አያድንም። በልጁ ክብደት ልክ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል።

አንድ የቤተሰብ ሥርዓትም ይኑራችሁ። አያት፣ አክስት፣ አጎትና ሞግዚት ሁሉ በተሰበሰቡበት “እሷ እያየችው ነው”፣ “እሱ ይዞታል” በሚል መሀል ልጅ ጠባቂ አጥቶ ይገኛል። በየ30 ደቂቃው ተራ ይግቡ። ተራው የደረሰ ሰው ስልኩን ያስቀምጣል፣ ከልጁም አንድ ክንድ ርቀት አይርቅም። ተራውን ሲያስረክብ በቃል “አንተ ጋ ነው” ይላል፤ ተረካቢውም “እኔ ጋ ነው” ብሎ ይመልሳል።

ክፍሉ ውስጥ ምን እንይ?

ልጅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት ላይ ይተኛል። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ ወላጆችም በዚያው ሰዓት መብራት አጥፍተው በጨለማ ስልክ እያዩ ያመሻሉ። ስለዚህ ከጌጠኛው መታጠቢያ ይልቅ መኝታውን ከመቀመጫው የሚለይ በር ወይም በረንዳ ያለው ክፍል ይበልጥ ይጠቅማል። በረንዳው ፎቅ ላይ ከሆነ የብረቶቹ ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ልጅ የሚንጠላጠልበት ወንበርም አጠገቡ አይቀመጥ። ከተቻለ ግን የምድር ቤት ይሁን።

እናታችሁ ወይም ሞግዚቷ አብረው የሚሄዱ ከሆነ የት እንደሚተኙ ቀድመው ይወስኑ። አንዳንድ ማረፊያዎች ለሹፌርና ለሞግዚት የሚሰጡት ክፍል ከእንግዳው ክፍል በጣም የራቀ ነው። ሞግዚቷ ሌሊት እንድታግዝ ከፈለጉ ይህ አይጠቅምም፤ እሷም እንደ ሰው የምታርፍበት ቦታ ይገባታል። በር ለበር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ወይም ባለ ሁለት መኝታ ኮቴጅ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

“የሕፃን አልጋ አለን” ከተባሉ ፎቶውን ይጠይቁ። የብረቱ ክፍተት የሰፋ ወይም ፍራሹ ከጠርዙ የራቀ ከሆነ የራስዎን ተጣጣፊ አልጋ ይውሰዱ። ገንዳ በሌለበት መታጠቢያ ቤት የልጁ ሳፋ መኪና ውስጥ ቦታ ቢይዝም ይጠቅማል።

ድምፅንም አይርሱ። ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓላት ሰሞን ብዙ የሐይቅ ዳር ማረፊያዎች ሙዚቃና የእሳት ዳር ጭፈራ አላቸው። ለወጣቶች ደስ ይላል፤ ለልጅ እንቅልፍ ግን ጠላት ነው። ከባሩ የራቀ ክፍል ይጠይቁ። ፈቃድ ማስተካከል ከቻሉ ደግሞ ከእሑድ ከሰዓት እስከ ረቡዕ ያለው ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ዋጋም የመቀነስ ዕድል አለው።

አጎበር አለ ወይ?

ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር፣ ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ አካባቢዎች በአብዛኛው ወባ ሊኖርባቸው የሚችሉ ተብለው ይታወቃሉ። የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ከወባ ጋር አይተዋወቅም፤ ከያዘችው ፈጥና ልትጠናበት ትችላለች። የወባ ዋናው ወቅት ክረምቱ እንዳበቃ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው፤ ይህም በርካታ ቤተሰብ “ዝናቡ አቆመ፣ እንውጣ” ከሚልበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል።

ስለዚህ “አጎበር አለ ወይ? በመድኃኒት የተነከረ ነው ወይ? ለሕፃን አልጋውስ?” ብሎ መጠየቅ ቅብጠት አይደለም። የመስኮቱ ወንፊት ያልተቀደደ መሆኑንም ሲገቡ ይመልከቱ። ከመሸ በኋላ እጅጌና እግሩ ረጅም ልብስ ያልብሱት። ትንኝ ማባረሪያ ቅባት ለልጁ ዕድሜ የሚሆነውን ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ያማክሩ፤ ልጁ ወደ አፉ በሚወስዳቸው እጆቹ ላይ አይቀባም። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከታየበት “ጉንፋን ነው” ብለው አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ወስደው የት እንደነበራችሁ ይናገሩ።

ምግብ፣ መብራትና ውሃ

የሆቴል ምሳ ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት ተኩል ወዲህ ነው፤ የልጅ ሆድ ግን 5 ሰዓት ተኩል ላይ ያለቅሳል። ዋናው ጥያቄ ወጥ ቤቱ ከሰዓቱ ውጭ ያለ በርበሬ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ ሩዝ ወይም ገንፎ ያዘጋጃል ወይ የሚለው ነው። ክፍሉ ውስጥ ፍሪጅና ውሃ ማፍያ ካለ ወተቱና አጥሚቱ የእርስዎ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ክፍሎቹን ጭምር ያበራል ወይስ ምግብ ቤቱን ብቻ የሚለውም ከዚሁ ጋር ይጠየቅ። ለልጁ ወተትና ለጥርሱ የታሸገ ውሃ ይጠቀሙ። የሐይቅ ዳር ዓሣ ለልጅ ጥሩ ምግብ ነው፤ እሾሁን ግን በጣትዎ ፈትገው ካልለቀሙ አይስጡት።

የዋጋው ትክክለኛ ስሌት

ስልክ ላይ የሚነገርዎ ዋጋ መጨረሻው ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ “10,000 ብር” ተብለው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በዚያ ድምር ላይ 15 በመቶ ቫት ቢጨመር ሒሳቡ 12,650 ብር ይሆናል። በሦስት ሌሊት ልዩነቱ 7,950 ብር ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ “ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?” ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ልጁ በነፃ ነው ወይ፣ ተጨማሪ አልጋ ስንት ነው፣ የሞግዚቷ ቁርስ ተካቷል ወይ የሚሉትም በዚያው ይጠቃለሉ።

ከሁሉ በላይ ስለ መሰረዝ ይጠይቁ። በዚህ ዕድሜ ልጅ በጉዞው ዋዜማ መታመሙ የተለመደ ነው። ገንዘብ ባይመልስም ቀኑን የሚያዛውርልዎ ሆቴል፣ ትንሽ ቢወደድም ርካሽ ነው።

ውቅያኖስ ላማራችሁ

ሞምባሳና ዛንዚባር ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አላቸው። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ሲበር ብዙ ጊዜ ከአዋቂ ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ይከፈልለታል፤ 2 ዓመት ከሞላው ግን የራሱ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ከኢትዮጵያ ተነስቶ ወደ ኬንያና ወደ ታንዛኒያ ለሚገባ ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚሠራው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚደረግ ነገር አይደለም። የባሕር ዳርቻው ወባም ስላለበት ስለ መከላከያ መድኃኒት የልጁን ሐኪም አስቀድመው ያማክሩ።

ሐይቅ ለለመደ ሰው አዲስ የሚሆነው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ለምሳሌ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ውሃው ሲጎድል በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይሸሻል። ልጅ በቀሩት ትንንሽ ኩሬዎች ውስጥ ሊጫወት ይችላል፤ ነገር ግን እሾሃማ የባሕር እንስሳት ስላሉ ጫማ ግድ ነው። በሰሜን በኩል ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አይርቃቸውም። ክፍል ከመያዝዎ በፊት በእነዚያ ቀናት ውሃው ስንት ሰዓት እንደሚሞላ ሆቴሉን ይጠይቁ። ፀሐዩ ከባድ ስለሆነ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ያለው ግቢ ያስፈልጋል፤ ያ ሰዓት የልጁ የቀን እንቅልፍ ጊዜም ነው።

ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት

እነዚህን ጥያቄዎች ቆርጠው ያስቀምጡ፦

1. ክፍሉ የምድር ቤት ነው? ከውሃውና ከገንዳው ስንት ሜትር ይርቃል?
2. ገንዳው አጥር አለው? የመዋኛ ጠባቂ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ይገኛል?
3. ግቢው ሜዳ ነው ወይስ ደረጃ ይበዛዋል?
4. አጎበርና የመስኮት ወንፊት አለ?
5. የሕፃን አልጋ ካለ ፎቶውን ይልኩልናል?
6. ሞግዚቷ ወይም አያት የት ይተኛሉ?
7. ፍሪጅና ውሃ ማፍያ አለ? ወጥ ቤቱ ከሰዓት ውጭ የልጅ ምግብ ይሠራል?
8. በዚያ ሰሞን ሙዚቃ፣ ሠርግ ወይም የድርጅት ፓርቲ አለ?
9. ቅርቡ ሆስፒታል የት ነው? ሌሊት መኪና ይገኛል?
10. ሁሉንም ጨምሮ ዋጋው ስንት ነው? ልጅ ቢታመም ቀን ይዛወራል?

ከአሥሩ ሰባቱን በግልጽ የመለሰ ማረፊያ፣ ኮከቡ ቢያንስም፣ ሊታመን ይችላል። ለጥያቄ 1፣ 2 ወይም 4 መልስ ያጣ ግን በቅናሽ ዋጋም ቢሆን ይለፈው። የመጀመሪያ ጉዞ ከሆነ ሁለት ሌሊት ይበቃል፤ ልጁ አዲስ አልጋ ላይ እንዴት እንደሚተኛ፣ አሸዋውን ይወደው ወይም ይጥላው እንደሆነ በሁለት ሌሊት ይታወቃል። ረጅሙን ጉዞ ከዚያ በኋላ ማቀድ ይቻላል። ሐይቁ የትም አይሄድም።